አናጺው የከፈተው በር፦ ስለ ሌጎላንድ ፓርኮች በኮምቦልቻ የተደረገ ንግግር

(ለወላጆች፣ ለመምህራን እንዲሁም ለእንጨትና ብረታ ብረት ባለሙያዎች ኮምቦልቻ ላይ በተዘጋጀ መድረክ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። የሐረጎን ጉም አቋርጣችሁ ከደሴ የወረዳችሁ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ፊት ለፊት ለተቀመጣችሁት ልጆች ደግሞ ልዩ ሰላምታ አለኝ። ጉዳዩ የእናንተ ስለሆነ ንግግሬ ሲሰለቻችሁ አዛጉ፤ ትልልቆቹ ሲሰለቹ በይሉኝታ ዝም ስለሚሉ የማምነው እናንተን ነው።

እኔ አናጺ ነኝ፤ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ስለ መዝናኛ ፓርክ እንድናገር መጋበዜን የሰማ አንድ ወዳጄ «አንተንና መዝናኛን ምን አገናኛችሁ?» ብሎ ስቆብኛል። ያገናኘን እንጨት ነው። ዛሬ የማወራላችሁ የሌጎላንድ ፓርኮች፣ ሌጎ በሚባለው ተገጣጣሚ መጫወቻ ዙሪያ የተሠሩት የልጆች መዝናኛዎች፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ከ10 በላይ ቦታዎች ላይ ተከፍተዋል። የጀመራቸው ግን የአናጺ ቤተሰብ ነው።

በደሴም በኮምቦልቻም ሰው ሲሰበሰብ «ለልጆቻችን መዝናኛ ይሠራልን» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ሲነሳ ሁላችንም ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ብረት ነው። የሚሽከረከር ብረት፣ የሚወነጨፍ ብረት፣ መብራት የተንጠለጠለበት ብረት። እኔ ብረቱ መጨረሻ ይምጣ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ልጁ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? የማንን አገር ያያል? አባትና እናቱስ የት ይቀመጣሉ? ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የእነዚህ ፓርኮች ታሪክ ነው። በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ፤ ከየት እንደመጡ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደተስፋፉ። የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ከየት መጡ?

ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ የምትባል ከተማ አለች። ከተማ ስላችሁ ደሴን አታስቡ፤ ነዋሪዋ ዛሬም 7 ሺህ ገደማ ነው። ባሕር የላት፣ ተራራ የላት፣ የሚያስጎበኝ ቤተ መንግሥት የላት። በ1916 ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሚባል አናጺ እዚያ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገዛ። ቤት ይሠራል፣ የቤት ዕቃ ይሠራል፣ ይኖራል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት የዴንማርክን ገበሬም ደረሰበት። ገበሬው ካልሸጠ አናጺውን ማን ያዘዋል? እዚህ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን እኔ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰውየው መሰላልና የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ከመሥራቱ በፊት ንድፉን ለማየት በትንሹ ሞዴል ይሠራ ነበር። ትልቁን የሚገዛ ሲጠፋ ትንሹን አየው። ትንሹ መሰላል ለልጅ መጫወቻ ይሆናል። በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ መኪና፣ እንስሳት፣ በገመድ የሚጎተት ዳክዬ።

ስለዚያ ዳክዬ በቤተሰቡ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነው። ልጁ ጎትፍሬድ አንድ ቀን ለአባቱ «ዛሬ ገንዘብ አተረፍኩልህ፤ ዳክዬዎቹን ሦስት ጊዜ መቀባቱን ትቼ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቼ ላክኋቸው» አለው። አባትየው ጭነቱን ከባቡር ጣቢያ አስመለሰው፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሦስተኛውን ቫርኒሽ እንዲቀባ አደረገው። ለብቻው! አያችሁ፣ ሦስተኛውን ቀለም የሚያይ ሰው የለም። ገዢውም አያውቀው። ዳክዬው ከልጅ ጋር ውጭ አድሮ ጠዋት ሲገኝ ግን ይታወቃል። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ ስለ ማሽን ደኅንነት ስናወራ እንፈልገዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ፕላስቲክ ገባ። በ1958 ዛሬ የምናውቀውን ሌጎ የሚባለውን ተገጣጣሚ የመጫወቻ ጡብ አስመዘገበ። ዘንድሮ የተመረተ ጡብ ከዚያን ዓመቱ ጡብ ጋር ይገጥማል። እኛ በር ሠርተን በዓመቱ ማጠፊያ ስንቀይርለት አልገጥም ይለናል።

በ1960ዎቹ ፋብሪካው ለማሳያ የሠራቸውን ትልልቅ ሞዴሎች ለማየት በዓመት ሃያ ሺህ ያህል ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሥራ ተስተጓጎለ። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፣ እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» ብለን እንለጥፍ ነበር፤ ዘበኛም እንጨምር ነበር። (ሳቅ) ጎትፍሬድ ግን ሞዴሎቹን ከግቢ አውጥቶ ሜዳ ላይ ደረደራቸው። ጁን 7 ቀን 1968 ፓርኩ ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 625 ሺህ ሰው ገባበት። ልብ በሉ፣ ማንም የማያውቃት ከተማ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1964፣ የተከፈተው የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም መነሻው ይኸው ፋብሪካ ነበር።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የላትም? ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም? አላት። ስለዚህ «እኛ ትንሽ ከተማ ነን» የሚለውን ወሬ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ብናስወጣው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፤ ውስጡ ምን አለ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ።

እኅቴ ዱባይ ትሠራ በነበረ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ልጇን ይዘን እዚያ ያለውን ሌጎላንድ አይተናል። እኔ ትልቁን ብረት ለማየት ነበር የቸኮልኩት። የእኅቴ ልጅ ግን ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ አለች፤ ከመንጃ ትምህርት ቤቱ። ይህ የመንጃ ትምህርት ቤት በቢሉንድ ፓርኩ ሲከፈት ጀምሮ ያለ ነው። መንገድ አለው፣ አደባባይ አለው፣ የትራፊክ መብራት አለው። መኪኖቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ አንድ ልጅ ብቻ የሚይዙ ናቸው። ሐዲድ ላይ አልተተከሉም፤ ልጁ ራሱ መሪ ይይዛል፣ ራሱ ይረግጣል፣ ራሱ ይቆማል። መጨረሻ ላይ መንጃ ፈቃድ ይሰጠዋል።

አንድ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ምላሱን አውጥቶ ይነዳል። ከጠርዙ ጋር ተላተመ። ሠራተኛዋ ሮጣ መጥታ መኪናውን አላነሳችለትም። ጎንበስ ብላ መሪውን በየት በኩል እንደሚያዞር በጣቷ አሳየችውና ቆማ ጠበቀችው። ልጁ ሁለት ሦስቴ ታግሎ ወጣ። ከዚያ ቀይ መብራት ላይ ደረሰ። ከፊቱ መኪና የለም፣ ከጎኑ መኪና የለም። ቆመ። አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ ቆመ! እኔ በልቤ የስንቱን ከተማ ሹፌር አሰብኩ። ስም አልጠራም፤ አንዳንዶቻችሁ እዚህ ናችሁ። (ሳቅ)

ወላጆች ሆይ፣ የእነዚህ ፓርኮች ምስጢር ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ተጭኖ የሚዞር ዕቃ አይደለም፤ ሠሪ ነው። ፓርኩ የታሰበው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ስለሆነ ልጁ ራሱን የሚጎትትበት ማማ አለ፣ ውኃ የሚረጭበት ጀልባ አለ፣ ቁጭ ብሎ ጡብ የሚገጣጥምበት ክፍል አለ። ሁሉም ቦታ የልጅ እጅ ሥራ ላይ ነው።

ይህን እኛ አናውቀውም? በደንብ እናውቀዋለን! ደሴ ያደጋችሁ፣ የኩሽኔታ መኪና የሠራችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡ። ይኸውላችሁ! ሳንቃ እንፈልጋለን፣ ከጋራዥ ደጅ ያረጀ ኩሽኔታ እንለምናለን፣ የፊቱን እንጨት በአንድ ምስማር እናስርና በእግራችን እንዘውራለን። ፍሬናችን የጫማችን ሶል ነበር። እናቴ የጫማዬን ተረከዝ አንስታ በመብራት እያየች «ይህ ልጅ በተረከዙ ነው እንዴ መንገድ የሚያርሰው?» ትለኝ ነበር። ያንን መኪና ማንም አልገዛልንም፤ ሠርተን ነዳነው። ከኋላ የሚገፋው ጓደኛ ተራው ሲደርስ ይቀመጣል፤ የተራ ሕጉ ጥብቅ ነበር።

እንግዲህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የልጆች መንጃ ትምህርት ቤት ቢከፈት መኪናው ምን ይሁን? እኔ ባጃጅ ይሁን እላለሁ። ትንሽ፣ በባትሪ የምትሄድ፣ ሰማያዊ ባጃጅ። ልጁ ፌርማታ ላይ ይቁም፣ ተሳፋሪ ያሳፍር፣ መልስ ይመልስ። መልስ መመለስ እንኳን ቢማር ትልቅ ነገር ነው!

ወደ ትልቁ ብረት ልምጣ፤ ወንዶቹ ልጆች ሲያዛጉ አየሁ። በሌጎላንድ ፓርኮች የታወቀው ሮለር ኮስተር፣ ማለትም ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚወነጨፈው ባቡር፣ ዘንዶ ነው። ባቡሩ የዘንዶ ራስ አለው፤ መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ተረቱን ያያችሁ መስሏችሁ ስትዘናጉ ወደ ውጭ ይወጣና ይፈጥናል። ሞተሩ የት ነው ያለው? ባቡሩ ላይ ሞተር የለም። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣውን አውቶቡስ አስቡት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ያቃስታል፣ ማርሽ ይቀንሳል። ሮለር ኮስተሩን እስከ ጫፍ የሚያወጣው ከሥር ሐዲዱ ላይ ያለው ማንሻ ነው። ከጫፉ በኋላ ግን እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ነው፤ የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው፣ የተወጣው ከፍታ ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው የሚበልጥ ኮረብታ በኋላ የማታዩት።

ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። አንዱ ባቡር ከፊት ያለውን ክፍል ለቅቆ ካልወጣ የኋላው እንዳይገባ ፍሬን ይይዘዋል። መቀመጫው ላይ ጉልበት የሚይዘው ብረት ካልተቆለፈ ጉዞ የለም። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ቢያለቅስ፣ አባቱ ቢቆጣ፣ አይገባም። ጠዋት በር ሳይከፈት በፊት ባቡሩ ባዶውን ይዞራል፣ ባለሙያዎች ሐዲዱን ይመረምራሉ። ይህ ሁሉ ያ ሦስተኛው ቫርኒሽ ነው፤ ጎብኚ አያየውም።

እኔ በአንድ ከተማ በበዓል ሰሞን የተተከለ ሽክርክሪት አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ወንበሩን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ብሎን ወልቆ በሽቦ ታስሮ ነበር። በሽቦ! ብየዳው ላይ ዝገቱ በአዲስ ቀለም ተሸፍኗል። የያዝኩትን ልጅ ይዤ ተመለስኩ፤ አለቀሰ፤ ይልቀስ። ብረት ለመግዛት የምታስቡ ባለሀብቶች፣ ያገለገለ ማሽን በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ከመጫናችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? በየጠዋቱ የሚፈትሸው ማን ነው? ሲጠራጠር «ዛሬ አይሠራም» የማለት ሥልጣን አለው? ወይስ የበዓል ገበያ ነው ተብሎ ዝም ይሰኛል?

ከብረቱ ይልቅ እኔን ያስቀረኝ ሚኒላንድ ነው። ከተሞችን በጡብ፣ በአብዛኛው በ1 ለ20 መጠን፣ አሳንሰው ይሠሯቸዋል። ቢሉንድ ላይ የኮፐንሃገን ወደብና ቤተ መንግሥቱ አለ፤ ማሌዥያ ላይ መንትያዎቹ የፔትሮናስ ሕንፃዎች፤ ዱባይ ላይ ቡርጅ ካሊፋ። ዘንዶው በየፓርኩ ተመሳሳይ ነው፤ ሚኒላንድ ግን የባለአገሩ ነው።

አናጺ ስለሆንኩ ሒሳቡን ሠራሁት። 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ1 ለ20 ሲሠራ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ለትከሻ ይለካካዋል። 12 ሜትር ገደማ የሆነው የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ 60 ሳንቲ ሜትር፤ ልጁ ጣሪያው ላይ ያለውን መስቀል ጎንበስ ብሎ ያያል። ደሴ ያሉትን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ፣ አራዳን፣ ሰኞ ገበያን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም፣ የየሰፈሩን መስጊድ እናስብ። ጡብ ከዴንማርክ መግዛት አያስፈልገንም፤ ወይራና ጽድ እናውቃለን። ሐረጎን ግን በ1 ለ20 አልችልም አልኩ፤ መንገዱ ብቻ 1,250 ሜትር ይሆናል! (ሳቅ) ኩርባዎቹን መርጦ መሥራት ግድ ነው።

ከሁለተኛው ነጥብ ሳልወጣ ስለ ወላጆች አንድ ነገር። ዋልት ዲዝኒ በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድን የከፈተ ሰው ነው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት ሲናገር፣ ሴት ልጆቹ የፈረስ ሽክርክሪት ላይ ሲጫወቱ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ቢኖር ብሎ እንዳሰበ ተናግሯል። እኛስ? ቡናው ሲፈላ «ልጆች ወደ ውጭ» እንላለን። ልጁ ስልክ ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣ እኛ ወሬያችንን እንይዛለን። ልጆቻችን በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በእነዚህ ከተሞች የሰሙትን ድምፅ፣ ያዩትን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ አብረናቸው መሬት ላይ ተቀምጠን የተጫወትን ስንቶቻችን ነን? መልሱን አልፈልግም። ስለዚህ ፓርኩ ሲታሰብ መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ እናት ሕፃን የምታጠባበት ጥግ ይታሰብ።

ሦስተኛ፤ እንዴት ተስፋፉ?

እዚህ ላይ እፈጥናለሁ። ሁለተኛው ፓርክ በሰሜን ጀርመን በ1973 ተከፈተ፤ በ1976 ተዘጋ። የተሳካለት ሰው ሁለተኛው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይተው በ1996 እንግሊዝ ዊንዘር ላይ ከፈቱ፤ ቦታው ቀድሞ የዱር እንስሳት ፓርክ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1999፣ እንደገና ጀርመን በ2002፣ በዚህ ጊዜ በደቡብ። ከዚያ ኩባንያው ራሱ ከባድ ኪሳራ ውስጥ ገባና በ2005 ፓርኮቹን ማስተዳደሩን መርሊን ለሚባል የመዝናኛ ድርጅት አሳልፎ ሸጠ፤ ቤተሰቡ ድርሻ ይዞ ቀረ። መጫወቻ መሥራትና ፓርክ ማስተዳደር ሁለት የተለያየ ሙያ መሆኑን አመኑ ማለት ነው። ፍሎሪዳ፣ ማሌዥያ፣ ዱባይ፣ ጃፓን፣ ኒው ዮርክ፣ ኮሪያ፣ ሻንጋይ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ሁለቱ ለእኛ ይጠቅማሉ። በ2011 የተከፈተው የፍሎሪዳው ፓርክ የተሠራው በ1936 በተከፈተ አሮጌ የአትክልት ሥፍራ ላይ ነው። አትክልቱን አልመነጠሩትም፤ ትልቁን የባንያን ዛፍ ጨምሮ ጠብቀው በውስጡ አቆዩት። እዚህ ቦታ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚወድቀው ዛፉ ነው፤ ከዚያ ጥላ ብለን ዣንጥላ እንገዛለን። ሁለተኛው የኮሪያው ነው። ቹንቾን በምትባል ከተማ ደሴት ላይ መሬት ሲቆፈር የጥንት ሰዎች መቃብርና የመኖሪያ ቅሪት ወጣ። ብዙ ክርክር ተነሳ፣ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ፣ ፓርኩ በ2022 ተከፈተ፤ ቅሬታው ግን አብሮት ቀረ። ወሎ ውስጥ አፈር ስትጭሩ ምን እንደምታገኙ አይታወቅም። ስለዚህ ከገዳሙም፣ ከመስጊዱም፣ ከመቃብሩም እንራቅ። ሞዴሉን እንሥራ፣ ቅዱሱን ቦታ ለባለቤቱ እንተው።

ስለ አየሩ ደግሞ ማንም አላሰበበት መሰለኝ። የቢሉንድ ፓርክ የብርዱን ወራት በአብዛኛው ይዘጋል፤ የእነሱ ልጆች ረጅሙ ዕረፍት በሞቃቱ ወራት ስለሆነ አይጎዱም። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋው መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ፣ ደሴ ከጦሳ እስከ አዝዋ ገደል በጉምና በዝናብ ተጠቅልላ ስትውል። ገበያው የሚገኝበት ወር ሰማዩ የሚቀደድበት ወር ነው! ዱባይ ሚኒላንድን ከሙቀቱ ለማዳን ጣሪያ ሥር አስገብተውታል። ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው ከማሽን በፊት ጣሪያ ይግዛ። የኮምቦልቻ አየር ቀለል ስለሚል የባጃጁ መንገድ እዚህ ቢሆን፣ የሞዴሉና የመገጣጠሚያው ክፍል ደሴ ቢሆን እላለሁ። ሁለቱ ከተሞች መሻማታቸውን ትተው ቢከፋፈሉት ማን ይጎዳል?

በጎኑ ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለን። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፤ ሁለቱ ኢዶች፣ መውሊድ። አንዱ ሲያከብር ሌላው እንኳን አደረሰህ ብሎ የሚመጣበት አገር ነው። ልጅ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ የበዓል ሳንቲም ይዞ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። የፓርክ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይህን ከሁሉ በፊት ይቁጠረው።

ከመውረዴ በፊት አንድ ግብዣ አለኝ። አዳራሹ ኋላ፣ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ተማሪዎቼ ከቁርጥራጭ እንጨት የሠሩት የሐረጎ መንገድ አለ። ሦስት ባጃጆችና አንድ አይሱዙ ይሄዱበታል። ሹፌሮች ካላችሁ እባካችሁ እዩልን፤ አንድ አውቶቡስ ነጂ ትናንት መጥቶ «ከላይ ሁለተኛው ኩርባ ከዚህ የበለጠ ይጠብባል» ብሎ ስለተከራከረን ልጆቹ እንደገና ሊቆርጡት ነው። ልጆች መንካት ትችላላችሁ። አይሱዙው ብቻ ሙጫው ስላልደረቀ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ከልጆቹ እንጀምር።